ስለ ድረ ገጽ አያያዝ ለሹማምንት የቀረበ አሳብ

ቃሉን በጊዜው ለሕዝብ ማድረስ ከሹም ሥራ ዋነኛው ነው። ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አለው፤ ነገር ግን በተከፈተ ጊዜ የተጻፈው ሳይለወጥ ዓመት የሚያልፍበት አይጠፋም። የአምናው የእህል ዋጋ ዛሬም የሚነበብ ከሆነ፥ ገበሬውን ያሳስታል እንጂ አይጠቅምም። ስንዴን ዋግ በመታው ጊዜም ምክሩ ቢዘገይ፥ በሽታው ምክራችንን አይጠብቅም።

የመዘግየቱ ምክንያት የሚጻፍ ነገር መታጣቱ አይደለም፤ ገጹን መለወጥ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። እርሱ ቢታመም ወይም ቢዛወር ቁልፉ አብሮት ይሄዳል።

የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት የሚባለው ለዚህ ችግር የተበጀ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ድሩፓል፥ በ2003 ዎርድፕረስ ወጡ፤ ሁለቱም ያለ ዋጋ ይገኛሉ። ዛሬ በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከ100 40 ያህሉ በዎርድፕረስ የሚሠሩ ናቸው። አሠራሩም ጽሑፉን ከገጹ መልክ መለየት ነው፤ ጽሑፉ እንደ እህል በጎተራ በመረጃ ቋት ይቀመጣል፤ አንባቢ በጠየቀ ጊዜ በተዘጋጀለት መልክ ይቀርባል። ስለዚህ የኮምፒውተር ቋንቋ ያልተማረ የእርሻ ባለሙያ፥ ደብዳቤ እንደሚጽፍ አድርጎ ምክሩን ይጽፋል።

ቁልፉ በብዙ እጅ ቢገባ ስሕተት ይበዛል የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ራሱ ሥልጣንን ይከፋፍላል። በዎርድፕረስ አንዱ ጽሑፍ ያቀርባል እንጂ ለሕዝብ ሊያወጣ አይችልም፤ ሌላው መርምሮ ያወጣል፤ አስተዳዳሪውም ሁሉን ይቆጣጠራል። የቀድሞው ጽሑፍ ስለሚጠበቅም ማን ምን እንደለወጠ ይታያል፤ ስሕተት ቢገኝ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህም ጸሐፊ ጽፎ አለቃ መርምሮ ማኅተም ከሚያደርግበት ከጥንቱ ልማዳችን የራቀ አይደለም።

ሆኖም ሥርዓቱ ተተክሎ የሚተው አይደለም። እርሻ ካልታረመ አረም እንደሚውጠው፥ በየጊዜው ያልታደሰም ሥርዓት ለሌባ በር ይከፍታል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሹም የሚጽፈውን፥ የሚመረምረውንና የሚያድሰውን ሰው ለይቶ ይሹም፤ ለእያንዳንዱም የራሱን ቁልፍ ይስጥ፤ በየወሩም ገጹን ራሱ ከፍቶ ያንብብ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።