«ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብላችሁ ስንት ጊዜ ከፈላችሁ?

ዛሬ የምጽፈው ተናድጄ ነው።

ሰሞኑን አንዲት እናት ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የ6 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። በእጇ ላብራቶሪ ወረቀት የሞላበት ፌስታል ይዛለች። በ3 ወር ውስጥ 4 ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብላ፣ 4 ጊዜ አስወግታዋለች። ለመጨረሻው መርፌ ተበድራ ነው የከፈለችው።

ልጁ ግን ከ2 ወር በላይ ያስለዋል፣ ከስቷል፣ ሌሊት ያልበዋል። ሲመረመር የተገኘበት ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጥ በሽታ! እናትየው ለሌለ በሽታ ስትከፍል ያለው በሽታ ልጇን እየጎዳው ነበር።

ወረቀቶቹ ላይ ያለው አንድ ነው፦ «ዊዳል 1፡80፣ ዌይል ፊሊክስ 1፡80፣ ፖዘቲቭ»።

ይህ ምን ማለት ነው? ዊዳል በ1896 እ.ኤ.አ.፣ ዌይል ፊሊክስ በ1916 እ.ኤ.አ. የመጡ ምርመራዎች ናቸው። ሁለቱም የሚለኩት ጀርሙን ሳይሆን ሰውነታችን የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ከድሮ ሕመም ተርፎ ለወራት ሊቆይ፣ በሌላ ኢንፌክሽንም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ምንም ያላመመው ሰውም ቢመረመር «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። ታይፎይድን በትክክል የሚያረጋግጠው የደም ካልቸር ነው።

ታይፎይድ የለም እያልኩ አይደለም። ውሃ በሚጠፋበትና በሚበከልበት ሰፈር አለ፤ ይገድላልም። ካልቸር በሌለበት ቦታ ተቸግሮ ዊዳል የሚያዝ ባለሙያም አለ። እኔን የሚያናድደኝ በሽተኛውን ሳያዳምጡና ሳይነኩ ቀጥታ ወደ ላብራቶሪ መላክ ነው። ምርመራው በደቂቃ ይደርሳል፤ ከኋላው መርፌው፣ ግሉኮሱ፣ የሳምንት ምልልሱ ይከተላል። ይህ ሕክምና ሳይሆን ገበያ ነው። የሙያ ባልደረቦቼ ቢቀየሙኝም እላለሁ።

«ግን መርፌውን ስወጋ ተሻለኝ» ትሉ ይሆናል። አብዛኛው የቫይረስ ትኩሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይሄዳል፤ ምስጋናውን መርፌው ይወስዳል። በየጊዜው ያለ ምክንያት የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ግን ጀርሞችን ያላምዳል፤ የምር ስትታመሙ መድኃኒቱ እንቢ ይላችኋል።

ስለዚህ፦

✅ «የታይፎይድ ምርመራ እዘዙልኝ» ብላችሁ አትጠይቁ። ምልክታችሁን ተናገሩ።
✅ «ከታይፎይድ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ካልቸር ይሠራልኝ ወይ?» በሉ። ካልቸሩ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢሰጥ ይመረጣል።
✅ ወባ ካለበት አካባቢ ከመጣችሁ ንገሩ፤ የወባ ምርመራ ይቅደም።
✅ ሳል 2 ሳምንት ካለፈው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ጠይቁ።
✅ ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ደረሰኝና የውጤት ወረቀት ተቀበሉ። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ «ታይፎይድ» ከተባላችሁ ወረቀቶቹን ይዛችሁ ሌላ ሐኪም አማክሩ።

⚠️ ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከፈዘዘ፣ ወይም ከ3 ወር በታች ሆኖ ካተኮሰው ግን ቤት አትቆዩ፤ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።

መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም። ገንዘቡም ልጁም የእናንተ ነው።

«ታይፎይዴ ተነሳብኝ» ለሚል ጎረቤታችሁ ሼር አድርጉለት።