ሰባ በመቶው ምሥራች ለእነርሱ፣ መቶ በመቶው ለእኛ

ጆሃንስበርግ ውስጥ ኦክላንድ ፓርክ በሚባለው ሰፈር የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ብሮድካስት ድርጅት፣ በአጭሩ ኤስ.ኤ.ቢ.ሲ.፣ ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። ይህንን ድርጅት ለጥቂት ዓመታት እንደ ግል ጓዳው ሲያዝዝበት የነበረ ህላውዲ ሞትስዌኔንግ የሚባል ሹም ነበር። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2013 ከሚተላለፈው ዜና ሰባ በመቶው ምሥራች መሆን አለበት ብሎ ዐወጀ። ደቡብ አፍሪካውያን ሳቁበት፤ ተቆጡበትም። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ነገሩን ስንሰማ ያሰላነው የቀረውን ነው። ሠላሳ በመቶ መርዶ ተፈቀደላቸው ማለት ነውን? እንዴት ያሉ የታደሉ ሰዎች ናቸው!

ነገሩ በሳቅ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ቩዋኒ በተባለ ሥፍራ ሕዝቡ ወደ አዲስ ማዘጋጃ ቤት አትካለሉኝ ብሎ ተነሣ፤ ከ20 በላይ ትምህርት ቤቶችም ተቃጠሉ። የአካባቢ ምርጫ ሊደረግ ሁለት ወር ያህል ቀርቶት ነበር። ሞትስዌኔንግ መፍትሔውን አላጣውም፤ የሚቃጠል የሕዝብ ንብረት ምስል በቴሌቪዥን እንዳይታይ ከለከለ። እሳቱ ካልታየ አልነደደም ማለት ነው። ይህንን የተቃወሙ ስምንት ጋዜጠኞች ከሥራ ተባረሩ። ከእነርሱ አንዷ ሱና ቬንተር ዛቻና ጥቃት ሲፈራረቁባት ቆይተው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 በ32 ዓመቷ በልብ ሕመም አረፈች።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው ነገር አለ። ደቡብ አፍሪካ ገነት አይደለችም። እኛ በምንኖርባት በዚህች ከተማ ወገኖቻችን በመጤነታቸው እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2015 እና በ2019 ተዘርፈዋል፣ ተደብድበዋል፣ ተገድለዋል። ነገር ግን ያ ሹም ምስሉን በከለከለ በሁለተኛው ወር የብሮድካስት ተቆጣጣሪው ኢካሳ ውሳኔህን አንሣ ብሎ አዘዘው፤ የሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤት ከተባረሩት አራቱን ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ፈረደ፤ በዓመቱም ሞትስዌኔንግ ራሱ ተባረረ። ከዚያ በፊት የሕዝብ እንባ ጠባቂዋ ቱሊ ማዶንሴላ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ዘገባ ሰውየው ያላገኘውን የትምህርት ማስረጃ አለኝ ብሎ መዋሸቱን አጋልጠው ነበር። ገዥው ፓርቲም ቢሆን እሳቱን በመደበቁ አልተጠቀመም፤ በዚያው ምርጫ የጆሃንስበርግን ከተማ አስተዳደር አጣ።

ጆሃንስበርግ ድምፅ ከሰጠች ከአራት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የባሕር ዳር ሕዝብ አደባባይ ወጣ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያች ከተማ ብቻ ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን ገለጠ። ክልሉ ቴሌቪዥን ነበረው። ካሜራ ነበረው፤ ሠራተኛ ነበረው፤ በኩር የተባለች ጋዜጣውን ከጀመረበት ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ሃያ ዓመት የዘለቀ ልምድም ነበረው። ሟቾቹ የተገደሉት በጣቢያው ደጃፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጣቢያውም ከተማውም ባሕር ዳር ነውና። ታዲያ የትኛው ተቆጣጣሪ፣ የትኛው ፍርድ ቤት ነው የእነዚያን ወጣቶች ስምና ምስል ለሕዝቡ አሳይ ብሎ ጣቢያውን ያዘዘው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ባለሥልጣን እስከ ዛሬ አላገኘንም።

የክልል ዜና እንዴት እንደሚሰናዳ የዜና ክፍል ኑሮን የምናውቅ ሰዎች አንታለልም። የዞኑ ወይም የወረዳው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ይደውላል፤ ስብሰባ አለ ይላል። መኪና የሚልከው ጋባዡ ቢሮ ነው፤ አበሉንም የሚከፍለው እርሱ ነው። ካሜራው በመጀመሪያ መድረኩን፣ ቀጥሎ ባነሩን፣ ቀጥሎ ማስታወሻ የሚጽፉ ተሰብሳቢዎችን ያነሣል፤ ከመካከላቸው አንድ ሁለቱ «ሥልጠናው ጥሩ ግንዛቤ አስጨብጦናል» ይላሉ። ጸሐፊውም «ገለጹ»፣ «አስታወቁ»፣ «አሳሰቡ» እና «አስገነዘቡ» የሚሉ አራት ግሶችን ከያዘ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሌላ ግስ አያሻውም። በኢሕአዴግ ዘመን ይህ አሠራር ልማታዊ ጋዜጠኝነት የሚል የክርስትና ስም ወጥቶለት ነበር። ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልፅግና ቢተካም ስሙ እንጂ አሠራሩ ወዴትም አልሄደም። የቅደም ተከተሉ ሕግ ያው ነው፤ የክልሉ ርእሰ መስተዳድር የተናገሩት ከሁሉ ይቀድማል፣ የቢሮ ኃላፊው ይከተላል፣ የሞተ ገበሬ ጊዜ ከተረፈ ይነገርለታል፤ ጊዜ ደግሞ አይተርፍም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዝዛል። ይህ ቃል ከተጻፈ ሠላሳ ዓመት አለፈው። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ሲወጣ ብዙዎች ተስፋ አድርገው ነበር፤ እኛም አልጠላነውም። ዳሩ ግን በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሻለ ተብሎ ለቦርዱ ተሰጥቶ የነበረው ሥልጣን ወደ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ተመለሰ። ሰጥቶ መንሣት ይሉሃል ይህ ነው። የክልል ጣቢያዎቹማ ተጠሪነታቸው ለክልሉ ምክር ቤት ነው ይባላል። ምክር ቤቱ የማን ነው? የአንድ ፓርቲ። በጀቱን የሚፈቅደው ማን ነው? ያው ፓርቲ። የዜናው ርእስ የሚሆነውስ? አንባቢ ይጨርሰው።

አሁን ደግሞ «አገር በጦርነት ላይ እያለች የዜና ነፃነት ቅንጦት ነው» የሚል ክርክር ይነሣል። ይህንን ከካድሬዎች ብቻ ሳይሆን ከምናከብራቸው ወዳጆቻችንም ሰምተናል። ስለዚህ በቁም ነገር እንመልስለት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በላይ ማናዬን፣ ቴዎድሮስ ዘርፉን፣ አባይ ዘውዱን የመሳሰሉ ጋዜጠኞች ታስረው አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ተወረወሩ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመርዓዊ ከተማ የሆነው ሆነ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ፣ ማለትም በመንግሥት የተቋቋመው ተቋም፣ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን አረጋገጠ። ከባሕር ዳር መርዓዊ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። ዜናው እውነተኛ ባለቤቱን ቢያጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው። እናት የልጇን ሬሳ ከጎረቤት ስልክ ላይ ታየዋለች፤ ሬሳው ሃምሳ ይሁን አምስት መቶ፣ ገዳዩ ማን ይሁን ማን፣ በዩቲዩብ የሚለፈልፈው ሁሉ እንደ ፍላጎቱ ይነግራታል። ታማኝ ዜና በማስወገድ ወሬን ማጥፋት አልተቻለም። የአገሪቱን ጸጥታ እንጠብቃለን የሚሉት ሰዎች ቢያስቡት ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋቸው ሕዝብ የሚያምነው የክልል ጣቢያ ነበር።

በእኛ በተቃዋሚዎቹ ወገን ደግሞ «እነዚህ የካድሬ ቱቦዎች ይዘጉ» የሚሉ አሉ። አንስማማም። ከዋሽንግተን፣ ከለንደን፣ ከአምስተርዳም የሚተላለፍ ጣቢያ የቱንም ያህል ቢደክም (ኢሳት እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ከጀመረ በኋላ ሞገዱ ስንት ጊዜ እንደታፈነ እናስታውሳለን) የአንድን ወረዳ የማዳበሪያ መጋዘን ከፍቶ ማሳየት አይችልም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ገበሬ ማዳበሪያ አጣሁ ብሎ ከማሳው ተነሥቶ ለአቤቱታ ከተማ ሲገባ፣ ስንት ኩንታል መጣ፣ ማን ተረከበ፣ ወዴት ሄደ የሚለውን ቆጥሮ ለማቅረብ የሚችለው ያለ ወረዳ ወኪል አይሆንም። ወኪሉም፣ ቋንቋውም፣ መኪናውም ያለው በክልል ጣቢያው እጅ ነው። እዚያ የሚሠሩትም ሁሉ አድርባዮች አይደሉም። የትግራይ ቴሌቪዥን ባልደረባ ዳዊት ከበደ አርአያ በጥር 2013 ዓ.ም. መቀሌ ውስጥ በጥይት ተገደለ። የኦሮሚያው ኦ.ቢ.ኤን. ጋዜጠኛ ሲሳይ ፊዳ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ደምቢ ዶሎ ላይ ተገደለ። ሁለቱን በአንድ መስመር ያለቀሰላቸው የፖለቲካ ወገን አላየንም፤ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ መርጦ አለቀሰ።

ወደ ቤታችን እንምጣ፣ ማለትም ወደ ጆሃንስበርግ። ጀፒ በምንለው መንገድ ግራና ቀኝ ሱቅ ከፍተው ከሚነግዱት ኢትዮጵያውያን የሚበዙት የሐዲያና የከምባታ ልጆች ናቸው። ምግብ ቤቶቹ ውስጥ የአገር ቤት ቴሌቪዥን ተከፍቶ ይውላል። እነዚህ ሰዎች እዚህ የደረሱበትን መንገድ ያውቁታል፤ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ ወይም ዛምቢያ፣ ሞዛምቢክ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና ሲከፈት ኮንቴይነሩ ውስጥ ከነበሩት 78 ኢትዮጵያውያን 64ቱ ታፍነው ሞተው ተገኙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ የኢትዮጵያውያን ነው የተባለ፣ ከ25 ያላነሰ አስከሬን ያለበት የጅምላ መቃብር ተቆፈረ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሉሳካ ዳር 27 ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ ተገኘ፤ አንድ ነፍሱ ያልወጣች በመካከላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ሳንድሪንግሃም ሰፈር፣ ፖሊስ ልብሳቸውን ተገፈው የታገቱ 26 ኢትዮጵያውያንን ከአንድ ቤት አስለቀቀ።

የክልል ዜና ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሟቹ የክልሉ ተወላጅ፣ ደላላው የክልሉ ነዋሪ፣ መሬቱን ሽጦ የከፈለው አባት የክልሉ ገበሬ፣ የእገታ ገንዘብ የሚላክበት ባንክ የክልሉ ከተማ ቅርንጫፍ ነው። የቀድሞው የደቡብ ክልል ብዙ ቋንቋ የሚናገር ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ነበረው፤ ክልሉ ተከፋፍሎ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የሚባለው ሲመሠረት ደግሞ አስተዳደሩ ወደ ሆሳዕና ይበልጥ ቀረበ ተባለ። መልካም። የስድሳ አራቱን ስም አንድ በአንድ፣ ከነቀበሌው ያነበበ የክልል ጣቢያ ግን እኛ አልሰማንም። «ሕገ ወጥ ስደትን ለመከላከል የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ተካሄደ» የሚለውን ግን መላልሰን ሰምተነዋል። ባነሩንም እናውቀዋለን።

ስለ መጪው ዘመን የሚጨነቁ ባለሙያዎች ቴሌቪዥን በስልክ ተሸነፈ ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ሁሉም ነገር በስልክ አይሳበብም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የብሮድካስት ሕጓን አሻሽላ በተዘነጉ ቋንቋዎች የሚናገሩ ሁለት የክልል ቴሌቪዥኖች እንዲከፈቱ ወሰነች፤ ገንዘብ ጠፋና ሳይወለዱ ቀሩ። ኤስ.ኤ.ቢ.ሲ. ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ600 በላይ ሠራተኞች በፈቃድም በግድም ለቀቁ። እነርሱ ዜና ነበራቸው፣ ገንዘብ አጡ። የእኛዎቹ ጣቢያ አላቸው፣ በጀት አላቸው፣ ሳተላይት አላቸው፤ የጎደላቸው ዜናው ነው። ይህ ጉድለት ደግሞ በአዲስ ስቱዲዮ፣ በአዲስ አርማ፣ ድርጅት የነበረውን ኮርፖሬሽን በማለት አይሞላም። በሥልጣን ላይ ያለ ሹም ከቦርዱ ይውጣ። በጀቱ በየዓመቱ እንደ ቀለብ የሚሰፈር ሳይሆን ለብዙ ዓመት አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን። አበሉን የሚከፍለው ጣቢያው ራሱ እንጂ ዜና የሚሠራበት ቢሮ አይሁን። ይህ የመጨረሻው አዋጅ አይፈልግም፤ ነገ ጠዋት የሚጀመር ነው።

ባሕር ዳር፣ አዳማ፣ መቀሌና ሆሳዕና ላላችሁ የዜና አዘጋጆች አንድ ቃል አለን። የዛሬው ማታ ዜና ቅደም ተከተል አሁን በእጃችሁ ነው። ርእሰ መስተዳድሩን ማስቀደም ግድ ከሆነባችሁ አስቀድሙ፤ እንጀራችሁ ነውና አንፈርድባችሁም። በስተመጨረሻ፣ ከአየር ትንበያው በፊት፣ ሠላሳ ሰከንድ አትርፉና በዚህ መንገድ ላይ ከቀሩት አንዱን ከነአባቱ ስም፣ ከነቀበሌው ጥሩት። ቤተሰቡ ፈቅዶ፣ ስሙ የጎደላችሁ እንደሆነ ላኩብን፤ ጀፒ ላይ አብሮት የተሳፈረ ሰው አይጠፋም፣ ጠይቀን እንመልስላችኋለን።