የትምህርት ጉዞ ከቅርብ ይጀምር፤ ማንም አይቅር

(የአስተያየት ድርሰት)

ከዚህ በታች የቀረበው ድርሰት ጸሐፊው ስለ ትምህርት ጉዞ ያለውን አስተያየት በምክንያት እያስደገፈ የሚገልጽበት ነው። በመጀመሪያ በጥሞና አንብቡት፤ ከዚያም በመጨረሻው ላይ ለተሰጡት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

«የትምህርት ጉዞ» ሲባል በአእምሯችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ለብዙዎቻችሁ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ መሰብሰብ፣ አውቶቡስ መሳፈርና እየዘፈኑ መጓዝ ሳይሆን አይቀርም። በሌላ አገር ለሚኖሩ እኩዮቻችሁ ግን ይኸው ቃል በረዶን ያስታውሳቸዋል። በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ የሚገኙ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተራሮቻቸው በበረዶ በሚሸፈኑበት ወራት ተማሪዎቻቸውን ወደ ከፍተኛ ቦታ ወስደው ለአንድ ሳምንት ያህል ያቆዩአቸዋል። ተማሪዎቹም ስኪ በተባለው ረጅምና ቀጭን መንሸራተቻ ከተራራ ላይ መውረድን ይማራሉ፤ በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ገበታና ሥራ ይጋራሉ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ በረዶ የለም። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ የሚከፍትለት በር የት ድረስ ሊያደርሰው እንደሚችል የሚያሳይ የአገራችን ሰው አለ። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ በዚያው በተማሪነቱ ዘመን ስኪ ለመደ። በ1998 ዓ.ም. በኢጣሊያዋ የቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ተሰለፈ፤ በዚህ ውድድር በመካፈልም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳዋ የቫንኩቨር ከተማ ለሁለተኛ ጊዜ ተወዳደረ። ሜዳሊያ አላገኘም፤ ነገር ግን የአካባቢው ምድር የሰጠውን ዕድል ተጠቅሟል።

እንግዲህ ለእኛ የሚቀርበው ጥያቄ «በረዶ ከየት እናምጣ?» የሚል አይደለም። ጥያቄው «የእኛ ምድር ምን ሰጥቶናል? ወደዚያስ ሁላችንም እንዴት እንሂድ?» የሚል ነው። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ የትምህርት ጉዞ በቅርብ ካለ ቦታ መጀመር አለበት፤ ተማሪዎች ራሳቸው ሊያዘጋጁት ይገባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድም ተማሪ በገንዘብ እጦት ምክንያት ከጉዞው መቅረት የለበትም።

በመጀመሪያ ስለ ቅርብ ቦታ እንመልከት። መቱ የምትኖሩ ተማሪዎች በየዕለቱ የሶርን ወንዝ ስም ትሰማላችሁ። ከመካከላችሁ ፏፏቴውን በዓይኑ ያየ ግን ስንት ነው? የሶር ፏፏቴ ከመቱ በስተደቡብ ምሥራቅ በበቾ በኩል የሚገኝ ሲሆን፣ ከከተማው ያለው ርቀት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጨረሻው ክፍል በእግር የሚኬድ የጫካ መንገድ ነው፤ በዚያም ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ይታያል። በመማሪያ መጽሐፍ ያነበባችሁት የጂኦግራፊ ትምህርት ከወንዙ ዳር ቆማችሁ ስታዩት ሕይወት ያገኛል። የሶር ውኃ ወደ ገባ ወንዝ ይገባል፤ ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮን ይፈጥራሉ፤ ባሮ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። በበቾ ጫካ ውስጥ እግራችሁን የነካው ውኃ ካርቱምን አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን በካርታ ላይ በጣት ከመከተል ይልቅ በወንዙ ዳር ቆሞ ማሰብ እንዴት ያለ ልዩነት አለው!

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ደግሞ ያዩ ይገኛል። የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የሕያው ከባቢ ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ስፋቱም ከ167,000 ሔክታር በላይ ነው። ይህ ደን የተመዘገበው ማንም ሳይተክለው በዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅል የዱር ቡና ስለሚገኝበት ነው። ዓለም ሁሉ የሚጠጣው አረቢካ ቡና የመነጨው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። በሌላው ዓለም ያለ ቡና በበሽታ ቢጠቃ ወይም ሙቀት ቢከብደው፣ ተመራማሪዎች የሚቋቋም ዘር የሚፈልጉት እንዲህ ባለ ደን ውስጥ ነው። የቤታችሁ ጓሮ ቡናና የዓለም ገበያ በምን እንደሚገናኙ የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ክፍል የለም።

ታሪክ የሚወድ ተማሪ ደግሞ ወደ ጎሬ ይሂድ። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ደጋማ ከተማ ለረጅም ጊዜ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች። ራስ ተሰማ ናደው ያስተዳደሩት ከዚያ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ የወንዝ ወደብ ከተከፈተ በኋላ የኢሉባቦር ቡና በጎሬ በኩል አልፎ፣ በባሮ ላይ በመርከብ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ከያዘ በኋላም ጊዜያዊ መንግሥት የተቋቋመው በጎሬ ነበር፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እስኪማረኩ ድረስ ትግሉን የመሩት ወደዚህ ምድር ተሻግረው ነው።

አንዳንድ ተማሪዎች «ቅርቡን እናውቀዋለን፤ ይልቅስ ሩቅ አገር እንይ» ይላሉ። ሩቅ አገር ማየት መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ሆኖም «በእጅ ያለ ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው፣ አጠገባችን ያለውን ያወቅነው የሚመስለን ስሙን ስለለመድነው ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ወደ አዲስ አበባ የሚደረግ ጉዞ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ ለመሄድና ለመመለስ ብቻ ሁለት ቀን ይወስዳል። ተማሪው ከሚያየው ይልቅ በአውቶቡስ ውስጥ የሚያንቀላፋው ይበልጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጉዞው በራቀ መጠን መዋጮው መክበዱ፣ መዋጮው በከበደ መጠንም ከኋላ የሚቀረው ተማሪ መብዛቱ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። መምህር በነበርኩበት ዘመን በአንድ ትምህርት ቤት የክፍል ተማሪዎቼን ይዤ ጉዞ አደረግሁ። መዋጮ የከፈሉትን ስም በሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ያልከፈሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ለምን እንዳልከፈሉም አልጠየቅሁም። ከጉዞው በተመለስን በሦስተኛው ቀን ለክፍሉ ሁሉ «የጉዞ ትዝታዬ» በሚል ርእስ ድርሰት አዘዝኩ። አንድ ልጅ ርእሱን በጥሩ ጽሕፈት ጽፎ፣ ከሥሩ «እኔ አልሄድኩም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ አስፍሮ ወረቀቱን ሰጠኝ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ «ያልተሟላ» ብዬ መለስኩለት። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው እንጂ አንድም ቃል አልተናገረም። ያልተሟላው ድርሰቱ ሳይሆን ጉዞው እንደ ነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በስዊዘርላንድም ወላጆች ለትምህርት ቤት ጉዞና ለስኪ ሳምንት የሚጠየቁት ክፍያ ክርክር አስነሥቶ ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2010 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ተማሪ የመካፈል ግዴታ ባለበት ጉዞ ወላጅ ሊጠየቅ የሚችለው ልጁ በዚያ ቀን ቤቱ ባለመመገቡ የሚተርፈውን የምግብ ወጪ ብቻ መሆኑን አስታወቀ፤ ይህም እንደ ልጁ ዕድሜ በቀን ከ10 እስከ 16 ፍራንክ ነው። በሀብታም አገር እንኳ ትምህርት የሆነ ነገር ሁሉ ለሁሉም ልጅ መድረስ እንዳለበት በሕግ መነገር አስፈልጎታል። እኛማ ይበልጥ ልንጠነቀቅ ይገባናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ወጪው ይቀነስ። ቦታው ቅርብ ከሆነ የመኪና ኪራዩ ያንሳል፤ ማደሪያ አያስፈልግም፤ ስንቅም ቆሎ፣ ዳቦና በሶ ከየቤቱ መጥቶ በአንድነት ይበላል። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ አስቀድሞ በኅብረት ይገኝ። ክፍሉ በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ጎመን ወይም ችግኝ አልምቶ ሸጦ፣ ወይም ትያትር አሳይቶ ሊያገኝ ይችላል። በዚህ መንገድ የተገኘ ገንዘብ የሁሉም ስለሆነ ከፋይና ያልከፈለ የሚባል አይኖርም። ሦስተኛ፣ መዋጮ የግድ ካስፈለገ የከፋዮች ስም በሰሌዳ ላይ አይጻፍ፤ የተቸገረው ልጅ ጉዳይ በክፍል ኃላፊው መምህርና በወላጁ መካከል በምሥጢር ይፈጸም። ችሮታም ቢሆን በአደባባይ ከተደረገ ያሳፍራል።

ወደ ዝግጅቱ ስንመጣ፣ ጉዞውን ለመምህራን ብቻ አትተዉት። አምስት ወይም ስድስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ምረጡ። ኮሚቴው ቀኑን ሲወስን የአካባቢውን ኑሮ ይመልከት። በኢሉባቦር ዝናቡ ብዙ ወራት ይቆያል፤ በዝናብ ወራት የፏፏቴው መንገድ ጭቃና አዳላጭ ነው። ዝናቡ በሚያባራበት በበጋው መጀመሪያ ደግሞ ብዙ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ቡና ይለቅማሉ። ስለዚህ ለቀማው ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ይኸውም የጥርና የየካቲት ወር ይመረጣል። ቀጥሎ ለወላጆች ደብዳቤ ይጻፍ፤ የሚሄዱበት ቦታ፣ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ ኃላፊው መምህር ማን እንደሆነ በግልጽ ይገለጽ፤ ወላጅም ፈርሞ ይመልስ። ይህን ደብዳቤ መጻፍ ራሱ በዚህ መጽሐፍ የተማራችሁትን የደብዳቤ አጻጻፍ በሥራ ላይ ማዋል ነው።

የደኅንነት ጉዳይ ፈጽሞ አይዘንጋ። አንድ መምህር አስቀድሞ ሄዶ መንገዱን ይይ። በጭነት መኪና ላይ ተጨናንቆ መሄድ አይፈቀድ። ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩ፤ እያንዳንዱ የጓደኛው ጠባቂ ይሁን፤ ሲሳፈሩ፣ ሲወርዱና ከጫካ ሲወጡ ይቆጠሩ። በፏፏቴው አናትም ሆነ ከሥሩ ማንም ወደ ውኃው እንዳይገባ፣ እርጥብ ድንጋይም ላይ እንዳይወጣ ከመነሻው ስምምነት ይደረግ። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይያዝ፤ ሳይመሽም ይመለሱ። በደስታ ሄዶ በለቅሶ ከመመለስ፣ ጥንቁቅ ተብሎ መታማት ይሻላል።

በምትደርሱበትም ቦታ እንግዶች መሆናችሁን አስታውሱ። የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። አፋን ኦሮሞ በሚገባ የሚናገሩ ተማሪዎች ጠያቂ ይሁኑ፤ ሌሎች ይመዝግቡ። አንድ አዛውንት ስለ ደኑ ዛፎች ስምና ጥቅም የሚነግሯችሁ በየትኛውም መጽሐፍ ላታገኙት ትችላላችሁና በአክብሮት አዳምጡ። የቡና ቅርንጫፍ አትቀንጥሱ፤ የያዛችሁትን ፌስታል ሁሉ መልሳችሁ ይዛችሁ ኑ።

ተማሪዎች ሆይ! መልካም ጉዞ በኪሎ ሜትር ብዛት አይለካም። ከጉዞው በኋላ መምህራችሁ ድርሰት ሲያዝዙ፣ በክፍሉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ተማሪ የሚጽፈው ነገር ካለው ጉዞው ተሳክቷል። አንድ ልጅ እንኳ «እኔ አልሄድኩም» ብሎ ከጻፈ ግን፣ የሄዳችሁት ሁላችሁ ጉዞአችሁ ገና አልተፈጸመም። በሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ ስትመርጡ ከሁሉ አስቀድማችሁ «ማን ይቀራል? ለምንስ ይቀራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄዎች

1. የጸሐፊው ዋና አስተያየት በየትኛው አንቀጽ ተገልጿል? በራሳችሁ አባባል በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉት።
2. ጸሐፊው የተቃራኒ ወገንን ሐሳብ የጠቀሰው የት ላይ ነው? የሰጠው መልስ አሳምኗችኋል? ለምን?
3. «ያልተሟላው ድርሰቱ ሳይሆን ጉዞው እንደ ነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው» ሲል ምን ማለቱ ነው?
4. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ፤ ስንቅ፣ መዋጮ፣ ችሮታ፣ በኅብረት፣ በምሥጢር።
5. በአካባቢያችሁ ክፍላችሁ ሊጎበኘው የሚገባ አንድ ቦታ መርጣችሁ፣ ስለ ጉዞው ዝግጅት ለወላጆች የሚላክ ደብዳቤ ጻፉ።