«ተመችቶሃል» ስለሚባለው ሰላምታ

በነጌሌ ቦረና ገበያ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኙ ሁለት ወዳጆች ሰላምታ ሲለዋወጡ፣ አንደኛው የሌላውን ቦርጭ አይቶ «ተመችቶሃል!» ማለቱ የተለመደ ነው። ቃሉ ከቀና ልብ የወጣ ነው፤ ድርቅ በሚመላለስበት አገር የገዘፈ ሰውነት የጥጋብ ምስክር ሆኖ መቈጠሩም አያስደንቅም። ይሁን እንጂ የምናመሰግነው ቦርጭ የስኳር በሽታና የደም ግፊት መንገድ ጠራጊ ሊሆን ስለሚችል፣ መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች ነገሩን እንዲያስቡበት እንወዳለን።

«አባቶቻችን ወተትና ቅቤ ሲመገቡ ኖረው፣ ቡናውንም በቅቤ ጠብሰው በልተው መቼ በዚህ ታመሙ?» የሚለን አይጠፋም። መልሱ ከእግራቸው ዘንድ ይገኛል። ከብቶቻቸውን ተከትለው ከግጦሽ ወደ ግጦሽ ይጓዙ ነበር፤ ከጥልቁ ኤላም ውሃውን እየተቀባበሉ በክንዳቸው ያወጡ ነበር። ዛሬም በገጠር ይህን የሚያደርጉ አሉ። በነጌሌ፣ በያቤሎና በሞያሌ የሚኖረው የልጅ ልጅ ግን ወደ ሥራው በባጃጅ ሄዶ ቀኑን በወንበር ላይ ይውላል። ቅቤው ከእርሱ ጋር ከተማ ገባ፤ ጉዞው ከከብቱ ጋር በሜዳ ቀረ።

በዚህ ላይ ሻይ ተጨመረ። በብርጭቆ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር እየጨመረ በቀን 4 ጊዜ የሚጠጣ ሰው ወደ 48 ግራም የሚጠጋ ስኳር በሻይ ብቻ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚፈቅደው ከ50 ግራም በታች ነው፤ ከ25 ግራም ባይበልጥ ደግሞ ይሻላል ይላል። ለስላሳው መጠጥና ብስኵቱ ገና አልተቈጠሩም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናም ተደጋግሞ ቀርቶ የቦረና ከብት ባለቀበት አገር ስለ ውፍረት መጻፍ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ለተራበ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር እናት ይህ ምክር እንደማይሆን እኛም እናውቃለን። ነገር ግን ወተቱ ሲነጥፍ በቦታው የሚተካው ርካሹ ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር ነው፤ ስለዚህ ረኃብና ውፍረት በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ሊኖሩ ይችላሉ።

ደግነቱ፣ መድኃኒቱ ከዐቅም በላይ አይደለም። በአሜሪካ የደማቸው ስኳር ከፍ ያለ፣ ግን ገና ወደ በሽታው ያልደረሱ 3,234 ሰዎች በ3 ወገን ተከፍለው ተመረመሩ። ውጤቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የወሰዱት ወገኖች መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት ይልቅ የመታመም ዕድላቸው በ31 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። ምግባቸውን አስተካክለው በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱት ግን በ58 ከመቶ ቀነሰላቸው። ከእነዚህ የተፈለገው የክብደታቸውን 7 ከመቶ መቀነስ ብቻ ነበር፤ ለ80 ኪሎ ሰው 5 ኪሎ ተኩል ያህል መሆኑ ነው። በፊንላንድ በ522 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናትም አንድ ዓመት ቀድሞ እዚያው 58 ላይ ደርሷል።

መቶ ኀምሳ ደቂቃ ማለት በሳምንት 5 ቀን የግማሽ ሰዓት ፈጣን የእግር ጉዞ ነው። የቆላው ፀሐይ ሳይበረታ ጧት፣ ወይም ሲበርድ ማታ ይቻላል። የሚያስቸግረው የሰው ዐይን ነው፤ በእግሩ የሚሄድን መምህር «ለባጃጅ የሚከፍለው አጥቶ ነው» የሚል ስለማይጠፋ። እንዲህ ያለውን ሐሜት ማጥፋት ከእኛ ይልቅ የተማሪ ወላጆች ለሚያከብሯቸው መምህራን ይቀላል፤ ሁለትና ሦስት ሆነው ወደ ትምህርት ቤት በእግር ቢሄዱ ተማሪዎቹ ይከተሏቸዋል።

እኛም ራሳችን በዚህ ጕዳይ ንጹሓን አይደለንም። ይህ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርጭቆ እስካለፈው ወር ድረስ 3 ማንኪያ ስኳር ይገባበት ነበር፤ አሁን 1 ተኩል ሆኗል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ግን መራራ ነበር።