በኮሪደር የሚሸጥ ምርምር

የአንዳችን እህት የለውዝ ቅቤ ትሠራለች። ከጓዳዋ ጀምራ ዛሬ ሦስት ሠራተኛ ቀጥራለች፣ ጠርሙሱ ላይም ስሟን ለጥፋለች። በቀደም አንድ ሱፐርማርኬት "ዕቃሽን እንወስዳለን፤ ግን ከአፍላቶክሲን ነፃ መሆኑን የሚያሳይ የላብራቶሪ ውጤት አምጪ" አላት። አፍላቶክሲን ለውዝና በቆሎ እርጥበት ሲያገኛቸው የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። እሷም ጠርሙሷን ይዛ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሄደች።

በር ላይ "ደብዳቤ አለሽ?" ተባለች። ደብዳቤ አጽፋ ተመለሰች። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገባ። ከመዝገብ ቤት ወደ ዲኑ፣ ከዲኑ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ተመራ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ማክሰኞም ስብሰባ፣ ሐሙስም ስብሰባ። በሦስተኛው ሳምንት ኮሪደር ላይ ቆማ ያያት አንድ መምህር "እኔ ጋ ብትመጪ እኮ በሁለት ቀን ያልቃል፤ እስቲ ስልክሽን ስጪኝ" አላት። እውነትም በሁለት ቀን አለቀ። በዚያው ላብራቶሪ፣ በዚያው ማሽን። ከፈለች፣ ወረቀቷን ተቀበለች። ሱፐርማርኬቱ ወረቀቱን አገላብጦ አየና "ማህተሙስ?" አላት።

በነገራችን ላይ ውጤቱ ጥሩ ነበር። ቅቤው ንጹህ ነው። ግን ማህተም የለውም።

እንግዲህ በየአዳራሹ "ዩኒቨርሲቲ ዕውቀቱን ለነጋዴ ይሽጥ ወይስ አይሽጥ?" እያሉ የሚከራከሩ ታላላቆቻችንን አንድ ነገር ልንነግራቸው እንወዳለን። ሽያጩ ተጀምሯል። ከተጀመረም ቆይቷል። ልዩነቱ በመስኮት ሳይሆን በኮሪደር መሸጡ ብቻ ነው።

መምህሩን ልንረግም አይደለም የተነሳነው። ደሞዙ የቤት ኪራዩን የማይሸፍንለት ሰው፣ ዶክትሬቱን ይዞ ለአንድ ድርጅት የዳሰሳ ጥናት ቢሠራ ምን ይገርማል? ከመካከላችን ሁለቱ የእንዲህ ዓይነት ጥናት መጠይቅ ተሸክመን ክፍለ ሀገር ለክፍለ ሀገር ዞረናል። አበል ተከፍሎናል። ሪፖርቱ ላይ ስማችን የለም፤ ሪፖርቱንም እስከ ዛሬ አላየነውም። ቅሬታችን ግን ከስማችን ይሰፋል። ማሽኑ በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ነው። ኬሚካሉም እንዲሁ። በኮሪደር የሚከፈለው ገንዘብ ወደ ማሽኑ ስለማይመለስ አንድ መለዋወጫ ሲሰበር ጨርቅ ይለብስና ጥግ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች ስለ ማሽኑ የሚማሩት ከስላይድ ላይ ነው። አስተማሪው "ይህ እንግዲህ ቢሠራ ኖሮ..." እያለ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ያሳያቸዋል። እኛም ያየነው እንደዚያ ነው።

"ዩኒቨርሲቲ ገበያ አይደለም" የሚሉትን እንሰማቸዋለን። እንዲያውም ከሚያስቡት በላይ እንሰማቸዋለን፣ ምክንያቱም የወተቱ ጉዳይ ትዝ ይለናል።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ወተት መጠጣት ፈርቶ ነበር። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 ያህል የወተት ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው መጠን የበለጠ አፍላቶክሲን ተገኝቶበታል። መንገዱም ታወቀ። ላሟ የምትበላው የኑግ ፋጉሎ ይሻግታል፤ መርዙ በላሟ ጉበት መልኩን ለውጦ ወተቱ ውስጥ ይገባል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። ይህን ያወቅነው ጥናቱ በግልጽ ስለታተመ ነው።

አሁን ይህንኑ ጥናት አንድ የወተት ፋብሪካ ከፍሎ አሠርቶት ቢሆን ብላችሁ አስቡ። ውሉ ላይ "ውጤቱ የአሠሪው ንብረት ነው" የሚል አንድ መስመር ቢኖር፣ ያ ወረቀት የት ይገኝ ነበር? የሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ። እኛም ወተታችንን በማኪያቶ እያደረግን እንቀጥል ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የሚፈሩት ነገር ባዶ ፍርሃት አይደለም።

ግን ያው የወተት ታሪክ ሌላም ፊት አለው። ጥናቱ ወጣ፣ ጋዜጣው ጮኸ፣ ሰው ለጥቂት ሳምንት ወተት ተወ፣ ከዚያ ረሳው። ፋጉሎ የሚገዛው ገበሬና ወተት የሚሰበስበው ፋብሪካ በነጋታው የሚያስፈልጋቸው ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ አልነበረም። "ይህን የዛሬ ጭነት ልግዛው ወይስ ልመልሰው?" ለሚለው ጥያቄ በዕለቱ መልስ የሚሰጣቸው ሰው ነው። ፋጉሎው ከመራገፉ በፊት ናሙና የሚወስድ፣ ውጤቱን በስልክ የሚናገር፣ መጋዘኑ ለምን እንደሚሻግት መጥቶ የሚያሳይ። ይህን ማድረግ የሚችሉ ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሉ። ሥራው አገልግሎት ነው፤ አገልግሎት ደግሞ ዋጋ አለው፤ ፋብሪካውም ሊከፍል ይገባዋል። "ዕውቀት አይሸጥም" ብሎ ይህን መከልከል ላሟን የሻገተ ፋጉሎ ብይ ማለት ነው።

የሕግ ሰበብም ብዙ አልቀረም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ መንገዱን ከፍቷል፤ የመጀመሪያው ራስ ገዝም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የቀረው መስኮቱን መክፈት ነው። በሩ ላይ የዋጋ ዝርዝር ይለጠፍ፦ ለዚህ ምርመራ ይህን ያህል ብር፣ በዚህን ያህል ቀን። ከክፍያው ላይ የመምህሩ ድርሻ ይታወቅ፣ በግልጽም ይሰጠው። ጥሩ ድርሻ ይሁን፤ ሦስት ፊርማ አልፎ በዓመቱ የሚደርሰው ከሆነ ነገ ተመልሶ ኮሪደር ይወጣል። የማሽኑም ድርሻ ይታወቅ። ናሙና የሰበሰበው ተማሪ ስሙ ይጻፍ። የነጋዴው የአሠራር ምስጢር ይጠበቅለት፤ የለውዝ ቅቤው ቅመም የእህታችን ነው። ነገር ግን ሰው የሚበላውንና የሚጠጣውን የሚመርዝ ነገር ሲገኝ ውጤቱ በውል ተጠርንፎ እንደማይቀር በመጀመሪያው አንቀጽ ይጻፍ። ይህን አልፈርምም የሚል ደንበኛ ይቅርብን።

ውል መጻፍ ደግሞ ቀላል አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሀገራችን በብዝኃ ሕይወትና በግብርና ምርምር ተቋሞቿ በኩል ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ውል ተፈራረመች። ኩባንያው ዝርያውን ይጠቀማል፣ ጥቅሙን ያካፍላል ተባለ። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ለኩባንያው ፓተንት ሰጠው። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ኢትዮጵያ እጅ የገባው ወደ 4,000 ዩሮ ገደማ ነው፤ ዛሬ ጥቂት የተማሪ ላፕቶፕ ቢገዛ ነው። ፓተንቱን የሄግ ፍርድ ቤት ሆላንድ ውስጥ ውድቅ ያደረገው በ2018 ሲሆን፣ የተካሰሱትም ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ነበሩ። እኛ ከዳር ሆነን አጨበጨብን። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን በየዓመቱ የሚያስመርቋቸው ልጆች ከኬሚስትሪው ላብራቶሪ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ቢሰጣቸው ምን ይጎድላል?

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ግን ራሳችንን እንታዘባለን። መስኮቱ ሲከፈት መንግሥት "እንግዲህ ነግዳችሁ ብሉ" ብሎ በጀቱን ከቆረጠ፣ የታሪክና የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች በመጀመሪያው ዓመት ይዘጋሉ። ግዕዝ ብራና አንባቢውን የትኛው ሲሚንቶ ፋብሪካ ይቀጥረዋል? የላብራቶሪው ገቢ ማሽኑን ይጠግን፣ መምህሩን ያቆይ እንጂ የመንግሥትን ግዴታ አይተካም። እዚህ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጎን ነን።

እህታችን አሁን ወረቀቷን ይዛ ማህተም ፍለጋ ተመልሳለች። በር ላይ ደብዳቤ ጠየቋት። የድሮው ደብዳቤ የት እንደደረሰ ስትጠይቅ መዝገብ ቤቱ ኃላፊው ጋ ነው አላት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።