የማያልቀው ጨዋታ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላምና እዝነት በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዚህ ወር አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ የሚያስነሳ ነው። እናት ምሳ አቅርባ ትጣራለች፤ ልጅ «እሺ፣ መጣሁ» ይላል፤ አይመጣም። የመግሪብ አዛን ይሰማል፤ አባት ዉዱእ አድርጎ ይጠብቃል፤ ልጅ ስልኩን ጨብጦ «አንድ ደቂቃ ብቻ!» ይላል፤ ደቂቃዋ ሃያ ትሆናለች። በመጨረሻ ስልኩ ይነጠቃል፣ ልጅ ያኮርፋል፣ ቤቱ ይታወካል። ወላጅ «ልጄ ጨዋታን ከእኔም ከዲኑም አስበለጠ» ሲል ያዝናል፤ ልጅም «ቤተሰቦቼ ምንም አይገባቸውም» ይላል።

ሳያውቁ መፍረድ ከፍትሕ አይደለምና፣ በዚህ ጽሑፍ በኢንተርኔት በጋራ የሚካሄዱት የተኩስ ጨዋታዎች እንዴት እንደሚጀመሩ፣ ከዚያም ለዓመታት እንዴት እንደሚቆዩ እናያለን። ለምሳሌነት የመረጥነው ወጣቶቻችን በሚገባ የሚያውቁትን ፐብጂን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሩ

ፐብጂን የነደፈው ብሬንዳን ግሪን የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ሲሆን የሠራው ብሉሆል የተባለ የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ ነው። ጨዋታው ለኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው በመጋቢት 2017 ነው። በዚያን ጊዜ ገና ሥራው አላለቀም ነበር። ኩባንያው ይህን ሳይደብቅ ጨዋታውን ሸጠ፤ ሰዎችም ገንዘብ ከፍለው ስህተቱን እየነገሩት እንዲያርመው አደረጉ። ሙሉ ሆኖ የወጣው በታኅሣሥ 2017 ነው። ወር ሳይሞላው፣ በጥር 2018፣ በአንድ ቅጽበት አብረው የሚጫወቱት ሰዎች ከ3 ሚሊዮን በላይ ደረሱ። የቻይናው ቴንሰንት ኩባንያ ደግሞ በመጋቢት 2018 ጨዋታውን በስልክ፣ ያውም በነፃ፣ ለዓለም አዳረሰው።

አካሄዱ ቀላል ነው። አንድ መቶ ተጫዋቾች ባዶ እጃቸውን ከአውሮፕላን ወደ አንድ ደሴት ይዘላሉ። በየቤቱ የተበተነውን መሣሪያ ይለቃቅማሉ፤ መቆሚያው ስፍራ በየጊዜው እየጠበበ ያቀራርባቸዋል፤ እየተገዳደሉ ሄደው የመጨረሻው አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን ያሸንፋል። አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ ሊሏት የሚገባ ነጥብ አለች። ይህ ጨዋታ ለአፍታ እንኳ ማቆሚያ የለውም። በሌላው ወገን በየአገሩ የተቀመጡ ሰዎች አሉና አንዱ ምሳ ተጠራ ተብሎ አይቆሙም። ልጁ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በቡድን ገብቶ ከሆነ ደግሞ መሃል ላይ መውጣት ጓደኞቹን መክዳት ይመስለዋል። እንግዲህ «አንድ ደቂቃ» ማለቱ ሁልጊዜ ንቀት አይደለም። በአንድ በኩል የወላጅ ጥሪና የሶላት ወቅት፣ በሌላ በኩል ለጓደኞቹ የገባው ቃል ይዘውታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም ማስተማር የእኛ ፋንታ ነው።

ለምን አያልቅም?

በቀድሞው ጊዜ ጨዋታ የሚሸጠው እንደ መጽሐፍ ነበር። ሰው አንዴ ይገዛዋል፤ ይጫወተዋል፤ ያልቃል፤ ያስቀምጠዋል። የአሁኑ ጨዋታ ግን እንደ ሱቅ ነው። መጀመሪያ ቀን የሚደረገው ምረቃ የበሩ መከፈት ብቻ ነው፤ ንግዱ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። በሩ እስከ ተከፈተ ድረስ ኩባንያው ሰርቨሮቹን ያንቀሳቅሳል፤ አጭበርባሪዎችን እያደነ ያስወጣል፤ ስህተት ያርማል፤ አዳዲስ ካርታ፣ መሣሪያና ልብስ ያመጣል። ይህ ሁሉ ሠራተኛና ወጪ ይጠይቃል። ታዲያ በነፃ ከሚሰጥ ጨዋታ ወጪው ከየት ይመጣል?

መልሱ ከተጫዋቾቹ ኪስ ነው። ዓመቱ «ሲዝን» በሚባሉ ወቅቶች ይከፋፈላል። በየወቅቱ «ሮያል ፓስ» የሚባል መግቢያ ይሸጣል። ነገሩ ረቂቅ ነው፤ ልጁ ከፍሎ እንኳ ሽልማቶቹን ወዲያው አያገኝም። የከፈለበትን ለመውሰድ በየቀኑ እየገባ የታዘዘውን ተግባር መፈጸም አለበት፤ ወቅቱ ካለቀ ያመለጠው አመለጠው። ስለዚህ ልጁ የሚከፍለው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በገንዘቡ፣ አንዴ በዕድሜው። ሱረቱል ዐስር በጊዜ መሐላ እንደምትጀምር ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቃላችን የያዝን ሰዎች፣ ይህ ሁለተኛው ዋጋ ከመጀመሪያው የከበደ መሆኑን እናውቃለን።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ የዕድል ሣጥን። ልጁ ይከፍላል፤ ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ከመክፈሉ በፊት አያውቅም። ውድ ልብስ ሊወጣለት ይችላል፤ የማይረባ ነገርም ሊወጣለት ይችላል። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ አካል በ2018 ካውንተር ስትራይክን ጨምሮ በአንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ ያሉትን እንዲህ ያሉ ሣጥኖች መርምሮ የአገሪቱን የቁማር ሕግ ይጥሳሉ ብሏል። የእስልምና ሃይማኖት የማይከተል መንግሥት ይህን ካየ፣ ቁርኣን ቁማርን በግልጽ ያወገዘላቸው ቤተሰቦች እንዴት ዝም ይላሉ? ዋጋው የታወቀን ነገር መግዛትና ያልታወቀን ነገር በዕድል መግዛት አንድ አይደሉም። ዝርዝር ፍርዱን ከዑለማኦቻችን መጠየቅ ይገባል፤ ከቁማር ጋር ያለው መመሳሰል ግን ለማንም የተሰወረ አይደለም።

የክፍያው አሠራር ራሱ ሕፃናትን የሚያጠምድበት ጊዜም አለ። በታኅሣሥ 2022 የፎርትናይት ባለቤት የሆነው ኤፒክ ጌምስ ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር በቀረበበት ክስ ተስማምቶ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገዷል። ከዚህ ውስጥ 275 ሚሊዮኑ የልጆችን የግል መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመሰብሰቡ፣ 245 ሚሊዮኑ ደግሞ በተሳሳተ የአዝራር አሠራር ሳያስቡት ለከፈሉ ሰዎች የሚመለስ ነበር። ከማያውቁት ሰው ጋር በድምፅ መነጋገር ለልጆችም ሳይቀር ገና ከመነሻው ክፍት ሆኖ መቅረቡ ከክሱ አንዱ ነጥብ ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ፣ የባንክ ካርዳችሁ ከልጆቻችሁ ስልክ ጋር የተያያዘ ወገኖቻችን ይህን ልብ በሉ።

ትናንት የፈቀድነው ዛሬ ሌላ ነው

ከሁሉም በላይ ልናሳስብ የምንፈልገው ይህን ነው። ለዓመታት የሚቆይ ጨዋታ በየጊዜው ይለወጣል። አባት ልጁ ጨዋታውን ባወረደበት ቀን አይቶ «ምንም የለበትም» ብሎ ቢፈቅድ፣ ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ስም የሚታየው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

በ2020 አጋማሽ በፐብጂ ሞባይል ላይ የሆነው ይኸው ነው። በአዲስ ማሻሻያ የመጣ አንድ የጫካ ጨዋታ ውስጥ ጣዖት መሰል ምስሎች ተተከሉ፤ ተጫዋቹ በምስሉ ፊት አምልኮ የሚመስል ነገር ሲያደርግ ጥቅም ያገኝ ነበር። ሙስሊም ወጣቶችና ወላጆች፣ በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ተቃውሟቸውን አሰሙ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ አነሳው። በኅዳር 2021 ደግሞ ኮል ኦፍ ዱቲ ቫንጋርድ በተባለው ጨዋታ ውስጥ የቁርኣን ገጾች ወለል ላይ ተበትነው ታዩ፤ እዚህም ላይ አክቲቪዥን ኩባንያ ገጾቹን አስወግዶ በዐረብኛ ይቅርታ ጠይቋል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ ለዘለዓለም አይበቃም፤ አማና የሆነን ልጅ መጠበቅ በየጊዜው መመልከትን ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ነገሩን አይተው የተናገሩት ተጫዋቾቹ ናቸው። ዲኑን የሚያውቅ ልጅ ያየውን ይለያል፤ ለሚያምነው አባቱም ይነግራል። የሚፈራው አባት ዘንድ ግን ወሬው አይደርስም።

መከልከል ብቻውን

አንዳንድ አገሮች በሩን መዝጋት መርጠዋል። ኢራቅ በሚያዝያ 2019፣ ዮርዳኖስ በሐምሌ 2019 ፐብጂን አገዱ። የኢንዶኔዥያዋ አቼህ ክፍለ ሀገር የዑለማእ ጉባኤም በሰኔ 2019 ጨዋታውንና መሰሎቹን ሐራም የሚል ፈትዋ አወጣ። ፓኪስታን በሐምሌ 2020 መጀመሪያ አግዳ በዚያው ወር መጨረሻ ፈቀደች። ቻይና ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በኢንተርኔት የሚጫወቱት በዐርብ፣ በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓላት በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ደነገገች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ከቁጥጥር የወጣ ጨዋታን እንደ ሕመም አስፍሯል፤ የሚጫወት ሁሉ ታማሚ ነው ማለቱ ግን አይደለም። ልኩ ትምህርትን፣ ቤተሰብንና ጤናን እየጎዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለዓመት ያህል ሲቀጥል ነው።

ሸሪዓችን ከጨዋታ ጋር ጠብ የለውም። በመዲና በዒድ ቀን ሐበሾች በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ነብዩ እንዳልከለከሏቸው፣ እንዲያውም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከኋላቸው ሆና እስክትጠግብ ድረስ እንድትመለከት እንዳደረጉ በሶሒሕ ሐዲስ የታወቀ ነው። ለእኛ ለሐበሾች ይህ ታሪክ ልዩ ክብር ነው። ልብ እንበል፤ ያ ጨዋታ የጦር መሣሪያ ነበረበት፤ ነገር ግን ማለቂያ ነበረው። ተመልካች ሲጠግብ ይሄዳል። የዛሬው ጨዋታ የተሠራው ግን ተጫዋቹ እንዳይጠግብ ሆኖ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ! ስልኩን ከመንጠቅ በፊት ከልጃችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ አንድ ዙር ተመልከቱ። ስሙን ጠይቁት፣ ቡድኑ ውስጥ እነማን እንዳሉ ጠይቁት። ስምምነታችሁን በደቂቃ ሳይሆን በዙር አድርጉት። መግሪብ ሊገባ ከግማሽ ሰዓት በታች ከቀረው አዲስ ዙር አይጀመርም። ይህ ደንብ ለልጁም ይገባዋል፤ ለጓደኞቹም አስቀድሞ ይነግራቸዋል፤ ቃሉንም ሳያጥፍ ለሶላቱ ይነሳል። የክፍያውን መንገድ በይለፍ ቃል ዝጉ፤ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚደረገውን የድምፅ ንግግር አጥፉ፤ በየወሩ አንድ ቀን «አዲስ ምን መጣ?» ብላችሁ አብራችሁ እዩ። እኛም ስልካችንን ሶፋ ላይ ስናሽከረክር አምሽተን ልጆቻችንን ብንገሥጽ ቃላችን አይሰማም።

ወጣቶች ሆይ! የገዛችሁት ልብስና ቀለም የእናንተ አይደለም። ሕንድ በመስከረም 2020 ፐብጂ ሞባይልን ስታግድ የሚሊዮኖች ድካም ከእጃቸው ወጣ። የሶኒ ኩባንያ ኮንኮርድ የተባለውን የተኩስ ጨዋታ በነሐሴ 2024 አስመርቆ ተጫዋች በማጣቱ በሁለት ሳምንቱ ዘግቶታል፤ ለገዙትም ገንዘባቸውን መልሷል። ጊዜያቸውን ግን ማንም አልመለሰላቸውም። ትልቁም ትንሹም ጨዋታ የሚቆየው ባለቤቱ ትርፍ እስካገኘበት ቀን ድረስ ነው። በሰዓቱ የተሰገደች ሶላት፣ የተሐፈዘች ሱራ፣ የእናት ጥሪ ሲሰማ «ለበይክ» ማለት ግን ማንም ኩባንያ የማይዘጋው መዝገብ ውስጥ ይጻፋሉ።

አላህ ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን፤ ጊዜያችንን ይባርክልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።