አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ በናይሮቢ ሰርግ አለ። ፎቶግራፍ አንሺው በዲጂታል ሬንጅፋይንደር ካሜራው ሙሽራይቱን ከአንድ ሜትር ርቀት ያነሳታል። ማታ ቤቱ ገብቶ ሥዕሉን በኮምፒዩተር ሲከፍተው የሙሽራይቱ ዓይኖች ብዥ ብለዋል፤ ጆሮዋ ላይ የተንጠለጠለው ጉትቻ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ «ሌንሱ አይረባም!» ሰኞ ሌንሱ ለሽያጭ ይቀርባል፤ ማክሰኞ ለሌላ ሌንስ መግዣ ብድር ይጠየቃል። ተከሳሹ ቃሉን አልሰጠም፤ ምስክርም አልተጠራም። በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ በሙያው ሰዎች ዘንድ ሥር እየሰደደ የመጣው ይህ ልማድ በስሙ ሊጠራ ይገባዋል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው።

ምስክሩ እኮ እዚያው ሥዕሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጉትቻውን አጥርቶ የሣለ ሌንስ ዓይኑንም አጥርቶ መሣል ይችላል። የጎደለው ጥራት ሳይሆን ቦታ ነው፤ ጥራቱ ሊያርፍ ከሚገባው ሥፍራ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ አርፏል። «ሌንሱ ደካማ ነው» ማለትና «ትኩረቱ ቦታውን ስቷል» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው መድኃኒቱ አዲስ ሌንስ ሊሆን ይችላል፤ የሁለተኛው መድኃኒት ግን ማስተካከል ብቻ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት፣ ራሱን ላመመው ሰው ጫማ እንደመግዛት ይቆጠራል።

ነገሩን ለመረዳት የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ይበቃል። ሬንጅፋይንደር በሌንሱ በኩል አያይም። ከሌንሱ በላይ ባሉት ሁለት መስኮቶች አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳያል፤ አንሺው የሌንሱን ቀለበት ሲያዞር በሌንሱ ጀርባ ያለው ተዳፋት በካሜራው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ ይገፋል፤ ሁለቱ ምስሎች ሲገጥሙ ርቀቱ ተለካ ይባላል። ላይካ ኤም 3 ከወጣበት ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህ አሠራር በመሠረቱ አልተለወጠም። እንግዲህ ዓይን የሚያየው ሌላ፣ ሌንሱ የሚሥለው ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ስምምነት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ የብረት ውል ነው። ካሜራው አንድ ጊዜ ከወደቀ ወይም ዓመታት በማታቱ ወንበር ላይ ሲንገጫገጭ ከኖረ ውሉ ሊፈርስ ይችላል፤ መመልከቻው ግን እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ ይታያል። አንሺው የሚታለለውም በዚህ ነው።

«ታዲያ በፊልም ዘመን ይህ ችግር ለምን አልነበረም?» የሚሉ አሉ። ነበረ፤ አልታየም እንጂ። ፊልም ፍጹም ዝርግ ሆኖ አይቀመጥም፤ ሥዕሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው በፖስታ ካርድ መጠን ስለነበር ትንንሹ ስሕተት በትንሹ ወረቀት ላይ ይደበቅ ነበር። ኤፕሰን በ2004 አር-ዲ 1ን፣ ላይካ በ2006 ኤም 8ን፣ በ2009 ደግሞ ሙሉ የፊልም መጠን ያለውን ኤም 9ን ሲያወጡ፣ ዝርግ የሆነው ሴንሰር ገመናውን ሁሉ ገለጠው። ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ ሥዕል በተለመደ የኮምፒዩተር መስታወት ላይ በሙሉ መጠኑ ሲታይ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ስፋት ያለውን ኅትመት አፍንጫን አስጠግቶ እንደማየት ነው። በዚህ ዓይን ሲመረመር እንከን የማይወጣለት ሌንስ ጥቂት ነው። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠት በፊት ሥዕሉን በሚታተምበት መጠን ማየት ተገቢ ነው።

ምርመራው ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ አኑሮ፣ ማስመሪያን በአንድ ሜትር ርቀት አጋድሞ ማስቀመጥ፣ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፍቶ አንዱን ቁጥር ማነጣጠርና ደጋግሞ ማንሳት ይበቃል። ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ከሆነ የመሣሪያው ነው፤ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ከሆነ ግን የእጅና የዓይን ነው። ቀጥሎ ሌላ ሌንስ በዚያው ካሜራ ላይ፣ ያንኑ ሌንስ ደግሞ በሌላ ካሜራ ላይ መሞከር ያስፈልጋል። ሌንሶቹ ሁሉ በአንድ ካሜራ ላይ እኩል ከሳቱ ጥፋተኛው ካሜራው ነው፤ አንዱ ሌንስ በየካሜራው ከሳተ ጥፋተኛው እርሱ ነው። ማልዶ፣ የቀኑ ሙቀት አየሩን ሳያንቀጠቅጠው፣ የንጎንግን ኮረብቶች ወይም ራቅ ያለ ሕንፃን መመልከትም ይረዳል፤ ቀለበቱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሁለቱ ምስሎች መግጠም አለባቸው። ሩቁ ስለገጠመ ግን ቅርቡም ይገጥማል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ለየብቻ መፈተን ይኖርባቸዋል። ላይካ በ2012 ይፋ ካደረገው ኤም ጀምሮ ሌንሱ የሚያየውን በጀርባው መስታወት የሚያሳይ ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ ሥራው ቀሎለታል፤ በመስታወቱ ሲያተኩር ጠርቶ በመመልከቻው ሲያተኩር ከደበዘዘ የሌንሱ መስተዋቶች ነጻ ናቸው።

ብረቱ ነጻ ሲወጣ ክሱ ወደ ሰው ይዞራል፤ ይህን መስማት የሚወድ ግን ጥቂት ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ቀዳዳው ኤፍ 1.4 ላይ ተከፍቶ፣ ከአንድ ሜትር ርቀት ሲነሳ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በክርስትና ሥነ ሥርዓት ላይ በሻማ ብርሃን ቆሞ ሕፃን የሚያነሳ ሰው ሲተነፍስ እንኳ ከዚያ በላይ ይወዛወዛል። አርባ ዓመት ያለፈው ዓይንም እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ለመመልከቻው የሚስማማ መነጽር የሚያስፈልገው አንሺ መነጽሩን ትቶ ሌንሱን ይከሳል። የእጅ መንቀጥቀጥም አለ፤ ጥራቱ በየትኛውም ሥፍራ ከታጣና ነጥቡ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ፣ መፍትሔው የመዝጊያውን ፍጥነት መጨመር ነው።

ሌንስም ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህን መካድ ሌላ ሐሰት ይሆናል። ከእርጥበት አገር የመጣ ሌንስ በውስጡ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል፤ በጨለማ ክፍል በባትሪ ብርሃን ሲፈተሽ እንደ ሸረሪት ድር ይታያል። የሥዕሉ አንድ ጎን ጠርቶ ሌላው ጎን ሁልጊዜ ከደበዘዘ መስተዋቶቹ ተዛንፈው ይሆናል። አንዳንዱ ሌንስ ደግሞ ጠባዩ ነው፤ የዛይስ ሲ ሶናር 50 ሚሊ ሜትር ቀዳዳው ሲጠብ የትኩረቱ ቦታ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጠባዩን የሚያውቅ ሰው ግን እያካካሰ ግሩም ሥራ ይሠራበታል። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የተሠሩት የጁፒተር ሌንሶች የርቀት ልኬታቸው ከላይካ ልኬት ጥቂት ስለሚለይ በቅርብ ርቀት ይስታሉ፤ በሩቅ ግን ላይስቱ ይችላሉ። የብሎን ሌንስን ከአዲሱ ካሜራ ጋር የሚያገናኘው ቀለበት ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው ተዛብቶ ከተሠራም ጥሩው ሌንስ በርካሹ ቀለበት ይኮነናል።

ከቸኳዩ ሻጭ የባሰው ደግሞ ደፋሩ ጠጋኝ ነው። ከሰው አፍ የሰማውን ይዞ፣ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መፍቻ አንሥቶ የካሜራውን ብሎን ያዞራል። የሩቁ ማስተካከያ ሲነካ የቅርቡ ይዛባል፤ የቅርቡ ሲነካ የሩቁ ይሸሻል፤ በመጨረሻ አንድ የነበረው ስሕተት ሁለት ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም። ምርመራው የባለቤቱ፣ ጥገናው የባለሙያው ነው። ምርመራውን አጠናቆ፣ የሙከራ ሥዕሎቹን ይዞ ወደ ጠጋኙ የሚሄድ ሰው ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል። «ብዥ ይላል» ብሎ ብቻ የሚሄድ ግን ጠጋኙንም ያሳስታል።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? በራሱ የሚያተኩር ካሜራ መግዛት አይሻልም?» የሚል ክርክር ይነሳል። ለብዙዎች ይሻላል፤ በሴንሰሩ ላይ የሚያተኩሩት የዛሬ ካሜራዎች ከዚህ ችግር በአብዛኛው ነጻ ናቸው። ነገር ግን መስታወት ያላቸው ባለ አውቶፎከስ ካሜራዎችም ከዚህ በሽታ አላመለጡም ነበር። ካኖንና ኒኮን በ2007 ባወጧቸው ካሜራዎች ውስጥ የትኩረት ማስተካከያ ያስገቡት ለዚሁ ነው። መሣሪያ መለወጥ መብት ነው፤ ሳይመረምሩ መለወጥ ግን ስንፍናን ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

ናይሮቢ ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። በዚህችው ከተማ በ1943 የተወለደው መሐመድ አሚን በጥቅምት 1984 በኮረም የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ተላልፎ የኢትዮጵያን ረሃብ ለዓለም አሳይቷል። በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት መጋዘን ፍንዳታ ግራ እጁን አጣ፤ ሆኖም በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በ1996 በኮሞሮስ አጠገብ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አውሮፕላን እስከሞተበት ቀን ድረስም ሠራ። እጁን ያጣ ሰው መሣሪያውን ከራሱ ጋር አስማማ፤ ሁለት እጅ ያለው ግን ማስመሪያ አጋድሞ ለመፈተን ይታክታል።

የሚጠፋውም ገንዘብ ብቻ አይደለም። በኢስትሊና በሌሎች ሠፈሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ መንገደኞች ናቸው፤ ዛሬ በአንድ ሰርግ አብረው የተነሱ ወንድምና እኅት በከርሞው አንዱ በካናዳ፣ ሌላዋ በአውስትራሊያ ሊሆኑ ይችላሉ። ያቺ ፎቶግራፍ የመጨረሻዋ የጋራ ፊታቸው ልትሆን ትችላለች። በዚያች ፎቶግራፍ ላይ ጉትቻው ጠርቶ ዓይኑ ቢደበዝዝ፣ በሚቀጥለው ወር የሚገዛው ሌንስ አይመልሰውም። አንድ ማለዳ፣ አንድ ማስመሪያና አንድ መቆሚያ ግን አስቀድመው ሊያድኑት ይችሉ ነበር። ስለዚህ ሌንሱ ከመኮነኑ በፊት ይመርመር፤ ዳውላው ከመመታቱ በፊትም አህያው ይታይ።